ሊቀ ጉልበት ማሬ

እስቲ ያቺን ልጅ እዩልኝ፤ ከቧንቧው አጠገብ የአከራያችንን የእትዬ ወለተ ሚካኤልን የእጅ አንጓ ይዛ ሰዓቷ ላይ ያፈጠጠችውን። ሐኪም እንዳትመስላችሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስፖርት ሳይንስ ትማራለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለተማሪ ቤት ያከራየ ግቢ ሁሉ እንዲህ ያለች አንዲት ልጅ አታጣውም፤ ጠዋት የተማረችውን ሳይበርድ ማታ ጎረቤት ላይ የምትሞክር።

የእኛዋ ማሬ ትባላለች። «ሊቀ ጉልበት» የሚል ማዕረግ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ባልዲ ላነሣ ስል ከየት እንደመጣች ሳላውቅ አጠገቤ ናት።

«ጋሼ ገዳሙ፣ ማሟሟቂያስ?»

«ባልዲ ነው እኮ የማነሣው፣ ውድድር አልገባሁ!»

«ወገብዎ ይህን አያውቅም።»

ስፌት መኪናዬ ላይ ስጎብጥ በመስኮት ብቅ ትላለች፤ «ጋሼ፣ ትከሻ!» እንኳን እኛ፣ ለፋሲካ የታሰረው በግ እንኳ ሲያያት ይንጠራራል።

እኔ ማን ነኝ? ልብስ ሰፊ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ራሴን ያስተማርኩ፣ የከተማው ቁጡ ሕሊና። ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የምትወጣው እጅ የእኔ ናት። ቦዩ ለምን ተደፈነ? የልጆቹ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ለምን ለሂሳብ ማካካሻ ይነጠቃል? ብዬ ጮኼያለሁ። ሕዝብ እንዲነሣ የምቀሰቅሰው ሰውዬ ራሴ ከበርጩማ የምነሣው ግድግዳ ይዤ ነው። ማሰሪያ የሌለው ጫማ የማደርገው ለፋሽን ነው ብዬ አስወርቻለሁ፤ እውነቱ ግን ጎንበስ ብዬ ማሰር ስላቃተኝ ነው።

ዘንድሮ ፋሲካ ሲቃረብ ማሬን ጭንቅ ያዛት። አባቷ አቶ መንበሩ ከገጠር ከይጁቤ መልእክት ልከውባታል፤ «ለመዝለል ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል? ለበዓሉ መጥቼ እወስናለሁ። ትምህርቱን ካልቀየርሽው ጠቅልለሽ ትገቢያለሽ።» ልጅቷ ይህን በነገረችን በማግስቱ እንኳ ሥራዋን አልተወችም። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ግቢውን ሰብስባ፣ ከስግደት በፊት ጉልበትና ወገብ ማፍታታት አለባችሁ አለች። ሴቶቹ እሺ አሉ። እኔ ቱግ አልኩ።

«ስሚ ማሬ፣ ለአምላክ ለሚሰገድ ስግደት ማሟሟቂያ የለውም!»

«ስግደቱ የአምላክ ነው ጋሼ፤ ጉልበቱ ግን የእርስዎ ነው።»

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ከፊት ቆምኩ። ከጎረምሶቹ ልብለጥ ብዬ ስወድቅ ስነሣ፣ ስወድቅ ስነሣ ዋልኩ። ከቀትር በኋላ ወደቅሁ፤ አልተነሣሁም። ወገቤ እንደ ዛገ መቀስ አልከፈት አለ። ግንባሬ ሣሩ ላይ፣ ሌላው አካላቴ ወደ ሰማይ። ሕዝቡ ይወድቃል ይነሣል፤ እኔ እዚያው ነኝ።

«እዩትማ፣ እንዴት ያለ የበቃ ሰው ነው!» አሉ አንዲት እናት ከኋላዬ። ሌላዋ የጋቢዬን ጫፍ ነክታ በጸሎትህ አስበኝ አለችኝ። ከሕመሙ የተነሣ እንባዬ ሲወርድ፣ ከገጠር የመጡ አንድ ሰውዬ አጠገቤ ሆነው አብረውኝ አለቀሱ፤ በጎን ዓይኔ ሳያቸው እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ሕዝቡ መሀል ተመለሱ። «ኧረ አንሡኝ!» ልል ነበር፤ ክብር አፌን ያዘኝ።

ነገሩ የገባት ማሬ ብቻ ናት። ከሴቶቹ ወገን ሹልክ ብላ መጥታ ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከች።

«ጋሼ፣ አይታገሉ። ይተንፍሱ። አንዱን ጉልበት ወደ ፊት... እጅዎን ጭንዎ ላይ... አሁን ይግፉ።»

ተነሣሁ። «ነግሬዎት አልነበር?» ብትለኝ ምን አለበት! አላለችም፤ ይኸው እስከዛሬ ያናድደኛል።

ፋሲካ ዕለት አቶ መንበሩ፣ ከስቅለት ጀምረው ካረፉበት ዘመድ ቤት ተነሥተው፣ ግቢያችን ገቡ። ሳያቸው፣ አብረውኝ ያለቀሱት ሰውዬ ናቸው! እሳቸውም አወቁኝ።

«እኒህ አባት እዚህ ነው የሚኖሩት? በቃ፣ የልጄን ነገር እሳቸው ይፍረዱ። ያሉትን አደርጋለሁ!»

«ትማር» ብል አለቀ ማለት ነው። ድምፄን እንደ መናኝ ዝግ አድርጌ አፌን ስከፍት፣ ሰውዬው ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ። ያን በስግደት ያበጠ ጉልበት! ጩኸቴ ገና ያልታረደውን በግ አስበረገገው።

«ምነው አባቴ?» አሉኝ ደንግጠው። ጉልበቴን ለሳመ ሰው መዋሸት አቃተኝ።

«አቶ መንበሩ፣ እኔ የበቃሁ ሰው አይደለሁም። የዚያን ዕለት ወገቤ ይዞኝ፣ መነሣት አቅቶኝ ነው የተደፋሁት። ያነሣችኝ ልጅዎ ናት፤ በዚሁ በትምህርቷ።»

እጃቸውን ከጉልበቴ ላይ አነሡ። ፈራሁ። ቅድስናዬ ስለሄደ አይደለም፤ ልጅቷ ጠቅልላ ስትሄድ፣ መስኮቴ ባዶውን ሲቀር ታየኝ።

«ታዲያ እኔ ለምን አለቀስኩ?» አሉ በመጨረሻ።

እትዬ ወለተ ሚካኤል ሳቃቸው አመለጣቸው። አቶ መንበሩም ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ወገባቸውን ያዝ አደረጉ። ማሬ አፍታም አልቆየች።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ነው? ስንት ጊዜዎ ነው?»

«የእርሻ ነው፣ ተይው።»

አልተወችም። አስቀመጠቻቸው፣ አስተነፈሰቻቸው፣ ቀስ አድርጋ አስነሣቻቸው። ሰውዬው ግራና ቀኝ ዘወር ብለው ሞከሩትና ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ።

«ይቺን ነው የምትማሪው?»

«ይቺንም ጭምር።»

«እንግዲያውስ ተማሪና ነይልን። ይጁቤ ወገቡን የማይዝ ገበሬ የለም።»

የበቃ ሰው መሆኔ በዚያው ቀረ፤ ማሬ ግን አለች። እናንተን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ስግደት ላይ ተደፍቶ የቀረ ሰው ካያችሁ፣ እባካችሁ፣ ከማልቀሳችሁ በፊት «ላንሣዎት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።