ነጠላዬን ዘቅዝቄ ሞጣ የገባሁ ዕለት

ዛሬ ማንም ሳይሞት ልቅሶ አስነሣሁ።

በገዛ እናቴ ግቢ! በጠራራ ፀሐይ!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ብዙ ማውራት አልወድም፤ ዛሬ ደግሞ ዶክተሩም ከልክሎኛል። ፖስት ማድረግ ግን አልከለከለኝም።

የፊት ጥርሴ ዓምና ገብስ ቆሎ ውስጥ በተደበቀች ጠጠር ተሰበረ። ግማሹ ሄደ፤ ሥሩም ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ በንግሥ ቀን እልል ስል እንኳ አፌን በእጄ እከልላለሁ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፤ ከምስጋናው ይልቅ የማስበው ስለ ጥርሴ ነበር።

ባሕር ዳር የምትኖረው ልጄ ሰላም ይህን አይታ አላስችላት አለ። "እማዬ፣ ኢምፕላንት ይሠራልሻል" አለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተሰበረውን ያወጡና አጥንቱ ውስጥ ትንሽ ብሎን ይተክላሉ። አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዘው ወራት ይጠበቃል። ከዚያ በላዩ ላይ ጥርስ ይገጠማል።

አዎ፣ ብሎን! በዚህ ዕድሜ!

ዛሬ ጠዋት ተተከለልኝ። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ እጁ ይባረክ፣ ምንም አላመመኝም። ሲጨርስ ጥቅል ፋሻ አስነከሰኝ።

"እናቴ፣ ለአንድ ሰዓት አጥብቀው ይንከሱ። አይናገሩ፤ አይትፉ። ደሙ ካላቆመ በአዲስ ይቀይሩት። እርጎ ቢጠጡ ጥሩ ነው።"

በጣቶቼ መስቀል ሠርቼ አሳየሁት። ጾም መሆኑ ገባው። "እሺ፣ የአጃ ሙቅ፤ ግን ይቀዝቅዝ" አለ።

እሱ ያለው ለአንድ ሰዓት ነው። እኔ ሱባኤ አደረግሁት።

ሰላም የሞጣ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝ። ሐሳቤ እናቴ ዘንድ አርፌ ነገ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቢቸና መሄድ ነበር። እናቴ ስለ ጥርሱ አታውቅም። "በስተርጅና ለማን ልትስቂ ነው?" እንዳትለኝ ደብቄያት ነበር።

መንገድ ላይ ደሙ ነጠላዬ ላይ ተንጠባጠበ። ነጭ ነጠላ ላይ! ሰው ፊት! የነጠላዬ ጥለት ቀይ ስለሆነ አዞርኩትና ጥለቱን ወደ ላይ፣ አፌ ላይ አደረግሁት። ደሙ አልታይ አለ። በብልሃቴ ኮራሁ።

ሴቶች፣ ገብቷችኋል አይደል? ጥለት ወደ ላይ የሚወጣው መቼ ነው?

እኔ ግን አልገባኝም። ስንት ቀብር የዋልኩ ሴትዮ!

ረዳቱ አየኝና ዘፈኑን አስጠፋ። "እማማ፣ ፊት ይቀመጡ" ብሎ ወንበር አስለቀቀልኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው፣ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አሉኝ። እውነት ነው፣ ጥርስ ትዕግሥት ይፈልጋል ብዬ እጅ ነሣሁ።

ከኋላዬ ያለችው ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ "ቅርብሽ ነው?" አለች።

የፊት ጥርስ ነው፤ ከዚህ የቀረበ ምን አለ? ራሴን ነቀነቅሁ።

ከንፈሯን መጠጠችልኝ። የአገሬ ሰው ለአንድ ጥርስ እንዲህ ያዝናል! ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ።

ይበልጣል የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝግ ነው። ያልጠየቅነው ሰው፣ ያልተሳልነው ታቦት የለም። በቤታችን ስሙ መነሣት ከተወ ቆየ። እናቴ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን ይዛ በር ላይ ትቀመጣለች፤ ከመናኸሪያ የሚመጣው ሰው ወደሚታይበት ዞራ።

እኔም በዚያው መጣሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሲጠሩኝ የማልመልስ።

መጀመሪያ ያየችኝ እናቴን የምትጦረው እህቴ የሺ ናት። የያዘችውን የውሃ ጀሪካን ለቀቀችው።

"ወይኔ ወንድሜን!"

እኔ ምን አሰብኩ? መርዶው ቀድሞኝ የገባ መሰለኝ! ዛሬ ሰሙ አልኩ። ፋሻዬን እንደነከስኩ ደረቴን መታሁ።

እሷ ከእኔ ሰማች። እኔ ከእሷ ሰማሁ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ፣ "ይበልጣሌ! ያ የሰው መውደድ የሰጠው ልጅ!" እያሉ ገቡ። ሁለት ጎረምሶች ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አግዳሚ ተሸክመው ደረሱ። የነካኝ ሁሉ አቅፎኝ ያለቅሳል፤ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ፤ አፌ ግን እንደተነከሰ ነው። ሐኪም ያዘዘልኝን እንዳላፈርስ!

እናቴ ብቻ አላለቀሰችም። ከበርጩማዋ ሳትነሣ አንድ በአንድ ታየናለች።

በመጨረሻ እትዬ ዘውዴ ትከሻዬን ያዙ። "እስቲ ልጄ፣ ማን ነገረሽ? በስልክ ነው ወይስ ሰው መጣ?"

ግራ ገባኝ። ፋሻውን አወጣሁ። ከንፈሬ ገና እንደደነዘዘ ነው።

"እናንተ አይደላችሁ እንዴ የነገራችሁኝ?"

"እኛማ ካንቺ ነው!" አለች የሺ።

"እኔ ምን አልኩ?"

"ነጠላሽስ?"

ዝቅ ብዬ ነጠላዬን አየሁ።

"ታዲያ የሞተው ማን ነው?" አሉ እትዬ ዘውዴ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ።

"ጥርሴ።"

ይህን ስል ደም በአገጬ ወረደ። እትዬ ዘውዴ፣ "ይህን ሁሉ ሰው ለጥርስ አስለቀስሽ? እንግዲያውስ ተዝካሩንም አውጪልን!" አሉ። አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋ ተከተለች። የሺ እያለቀሰች ሳቀች። አግዳሚ ያመጡት ጎረምሶች ራሳቸው ተቀምጠውበት ሳቁ።

እናቴ አልሳቀችም።

"ቆዩ" አለች። "ከማልቀሱ በፊት 'ማን ሞተ?' ብሎ የጠየቀ አለ?"

ጎረምሶቹ ከአግዳሚው ተነሡ።

"ይቺ ልጅ ባል አላት፤ ልጆች አሏት፤ ቢቸና ዘመድ ሞልቷታል። አንዳችሁ እንኳ 'ማን?' አላላችሁም። ለካ ሁላችሁም ይበልጣልን ቀብራችሁታል። የቀራችሁ ማልቀሱ ነበር።"

ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺም።"

ፋሻው በእጄ ነበር። መናገር እችል ነበር። መልሼ ነከስኩት።

ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። እትዬ ዘውዴ የእናቴን ጉልበት ስመው ሄዱ። አግዳሚውም ተመለሰ።

እናቴ የአጃ ሙቅ አሠርታ ራሷ እያማሰለች አቀዘቀዘችልኝ። ከዚያ፣ "እስቲ አፍሽን ክፈቺ" አለችና አየች።

"ጥርሱ የታለ?"

"ገና ነው እማዬ። አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዘው አምስት ወር ይቆያል። ያኔ ነይ ብለውኛል።"

"አምስት ወር" አለች። ወደ በሩ አየችና፣ "ላንቺስ ቀጠሮ ሰጡሽ" አለች።

ሙቁን አስቀመጥኩ።

ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፋ ጥለቱን ወደ ታች መለሰችው። ደም የነካው ነጭ ጫፍ ወደ ላይ ወጣ። ልሸፍነው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ይታይ። ደም ነው፤ ነውር አይደለም። አንቺ በደምሽ ስታፍሪ ልጄን ገደልሽብኝ።"

በርጩማዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች።

ይህን የምጽፍላችሁ ከጎኗ ተቀምጬ ነው። ከቤት ሌላ በርጩማ አመጣሁ። ሚኒባስ በገባ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን።

ተመስገን፤ ደሙ ቆሟል። ብሎኑም ደህና ነው። ዛሬ የሞተብን ሰው የለም። እኔ እስከማውቀው።

ጥርስ ለማስተከል ያሰባችሁ፣ በእኔ የደረሰውን ሰምታችሁ እንዳትፈሩ፤ ምንም አያምም። ጥለታችሁን ብቻ ወደ ታች አድርጉ!

ግን እስቲ በኮሜንት ንገሩኝ፤ ለቅሶ ስትሰሙ "ማን ሞተ?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? ወይስ እንደ እኔ ስሙን ቀድማችሁ ይዛችሁ ነው የምትጠብቁት?