እምቢታን ያመነ አጋፋሪ

ሥልጠና ያልወሰደ ኃላፊ የሚያጠፋው፣ አገር የለመደውን ጥፋት ብቻ ነው። አዲስ፣ በዕቅድ የተመራና በቡድን መንፈስ የተፈጸመ ጥፋት ለማጥፋት ግን የግድ ሙያዊ ሥልጠና መውሰድ ያስፈልጋል! ይህን የምለው ሥልጠናን ለማጥላላት አይደለም። እንዲያውም እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ፣ ሥልጠና እንደሚጠቅም በራሴ ላይ በደረሰው ነገር አስረዳችኋለሁ... ማስታወስ እስከቻልኩ ድረስ ማለቴ ነው።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሠፈራችን ዕድር ሊቀ መንበር ነኝ። ባለፈው ጥር ይመስለኛል፣ ለዕድርና ለማኅበር ኃላፊዎች ቡሬ ላይ የሥራ አመራር ሥልጠና ተሰጠን። ባለቤቴ "ታኅሣሥ ነው" ትላለች፤ እኔም ለእርግጠኛነቷ ስል ነገሩን ክፍት አድርጌ ትቼዋለሁ። አሠልጣኛችን አቶ ይበልጣል የሚባሉ፣ ደልደል ያሉ፣ ድምፀ መልካም ሰው ነበሩ። ከተናገሩት ሁሉ አንድ ነገር በልቤ ታተመ፦ "ጥሩ ኃላፊ የሰውን ቃል ያከብራል። 'አልፈልግም' ያለውን ሰው 'የለም፣ ትፈልጋለህ' እያለ አይጫነውም።" ሌላም ብዙ ትምህርት ነበረው... ምሳው ጥሩ እንደነበር ግን በእርግጠኝነት መመስከር እችላለሁ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ታናሽ እኅቴ እናኑ ልጇን ዳረች። ቤቷ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የድግሱን አጋፋሪነት ሰጠችኝ፤ እንግዳ ተቀብሎ በየማዕረጉ ማስቀመጥና አሳላፊዎቹን ማዘዝ የእኔ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

"ወንድም ጋሼ" አለችኝ፣ "የአማቾቻችን ሽማግሎች የሚመጡት ከሩቅ፣ ከፈረስ ቤት ከተማ ነው። ርቧቸው ነው የሚደርሱ። ጠግበው ካልሄዱ፣ ልጄ በሰው ቤት ዕድሜ ልኳን 'የነዚያ የንፉጎች ልጅ' ስትባል መኖሯ ነው። አደራህን!"

"አታስቢ፤ ሠልጥኛለሁ" አልኳት።

"ምን ሆነሃል?"

"ሠልጥኛለሁ!"

አማተበች። ያን ጊዜ ከደስታ ብዛት መስሎኝ ነበር።

በሠርጉ ጧት አሳላፊዎቹን ሰብስቤ መመሪያ ሰጠሁ። አለቃቸው አያሌው የሚባል፣ ብዙ ድግስ ያሳለፈ የእናኑ ጎረቤት ነው።

"ጋሼ፣ እንግዳው 'በቃኝ' ካለ በቃው ማለት ነው?" አለኝ።

"እንዴታ!"

"ሳንለምነው?"

"ሳትለምኑት! ቃሉን ማክበር ነው።"

"ተመስገን! ዛሬ እንኳ ጉሮሮዬ ሊያርፍ ነው" አለና ሄደ።

አማቾቹ ደረሱ። ከፊት የሙሽራው አያት መሪጌታ ልየው ነበሩ፤ ነጭ ጥምጥም፣ ረጅም መቋሚያ፣ ግርማ ሞገስ! ወደ ዳሱ ራስ እያመለከትኩ፣ "መሪጌታ፣ ወደ ላይ ይለፉ" አልኳቸው።

"ኧረ እዚሁ በሩ አጠገብ ይበቃኛል፣ ልጄ።"

እናንተ ብትሆኑ ክንዳቸውን ይዛችሁ እየጎተታችሁ ትወስዷቸው ነበር። ያልሠለጠናችሁ ናችኋ! እኔ ግን እጅ ነሥቼ፣ "እንዳሉ ይሁን" አልኳቸው። አንድ እግራቸውን ወደ ላይኛው ወንበር አንሥተው ነበር... እግራቸው አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው መለሱትና ውሻ በሚገባበትና በሚወጣበት በር ሥር ተቀመጡ። እሳቸው ዝቅ ካሉ ማን ከፍ ይላል? ተከታዮቻቸው ሁሉ እዚያው ተደረደሩ። የዳሱን ራስ የያዘው "እኔ እዚህ መቀመጥ እፈልጋለሁ" ብሎ ፍላጎቱን በግልጽ የተናገረ፣ ከሁለቱም ወገን ማንም የማያውቀው ሰውዬ ነበር።

ምግቡ ቀረበ።

"ይጨመር?" ይላል አያሌው።

"ኧረ በቃኝ!" ይላሉ ሽማግሌው፣ አንዴ እንኳ ሳይጎርሱ።

አያሌው እንደ ነፋስ ያልፋል። "በሞቴ" የለ፣ "አፈር ስሆን" የለ፣ ጉርሻ የለ። ዳሱ የፈተና ክፍል መሰለ! እኔም በአርባ ዓመት መምህርነቴ ያላገኘሁትን ጸጥታ በማግኘቴ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በኩራት ተንጎራደድኩ።

መሪጌታ ጠሩኝ። "ልጄ፣ አገራችሁ ዛሬ ምን ጾም ገብቷል?"

"ኧረ ፍስክ ነው፣ መሪጌታ" አልኳቸው፣ ትክክለኛ መረጃ መስጠት ግዴታዬ ነውና።

"እንግዲያማ ጾሙ የገባው በእኔ ላይ ብቻ ነው" አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለው ንግግር በጎጃም ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። በዕለቱ ግን በዚህ ዕውቀቴ ላይ ሥልጠናው ተኝቶበት ነበር። ምላሻቸውን በጥሞና አዳምጬ አለፍኩ።

አለፍ እንዳልኩ ከሽማግሎቹ መካከል ማንን ባይ ጥሩ ነው? አሠልጣኜን አቶ ይበልጣልን! ለካ የሙሽራው አጎት ናቸው።

"አቶ ይበልጣል! አዩልኝ ሥልጠናዎን?"

የጋቢዬን ጫፍ ይዘው ወደ ታች ሳቡኝ። "ጋሼ... ስለ እመቤታችን... አንድ ጊዜ ይለምኑኝ።"

"ምን አሉ?"

"ይለምኑኝ! በረኃብ ልወድቅ ነው!"

"'በቃኝ' ብለው የለም እንዴ?"

"ብያለሁ! አማች ነኝ፣ ሌላ ምን ልበል?"

"ታዲያ በሥልጠናው ላይ..."

"እሱ ለቢሮ ነው ጋሼ! መሪጌታን ይመልከቱ፣ በቅሏቸውን እያስጫኑ ነው!"

ዞር ስል እውነትም መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨብጠዋል። በጓዳው በር ደግሞ እናኑ ጭልፋ እንደያዘች ቆማ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ድስቱ ለምንድን ነው የማይጎድለው?" ትላለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አያሌው!" ብዬ ጮኽኩ። "መመሪያው ተሽሯል! 'በቃኝ' የሚለውን ሁሉ እንዳታምኑ!"

መሪጌታ ላይ ተጠመጠምኩ። "በሞቴ!"

"ተወኝ፣ ልጄ።"

"አፈር ስሆን!"

"አይሆንም አልኩህ።"

"ይህ ሽበት መሬት ይውደቅ!"

ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ የዳሱ ራስ ላይ ደርሰው ነበር። እኔ ነኝ ኋላ የቀረሁት! ያን ማንም የማያውቀውን ሰውዬም ለማስነሣት ብንጥር "እዚሁ ይመቸኛል" አለ፤ የእሱን ቃል ግን አላከበርንም። ዳሱ በ"በሞቴ" ተናወጠ። አቶ ይበልጣል ሁለቱም ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ሦስተኛውን ጉርሻ በዓይናቸው ይጠባበቃሉ።

ሊሸኙ ሲሉ አሠልጣኜ አፋቸውን እንደምንም አስለቅቀው፣ "ጋሼ፣ ግብረ መልስ ይጠይቁ እንጂ! የመጨረሻው ቀን ትምህርት!" አሉኝ። እንዲህ ያለ ትምህርት መኖሩን ፈጽሞ አላስታውስም፤ ግን ታዘዝኩ።

"መሪጌታ፣ ከመስተንግዷችን ያልተመቸዎ ነገር ካለ ይንገሩን።"

"ምን ጠፍቶ! ሁሉ ሙሉ ነው።"

አሁንማ ማን ያምናል! "በሞቴ ይንገሩኝ!"

"ምንም የለም።"

"አፈር ስሆን!"

መሪጌታ ተመልሰው ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ ካልክ..." ብለው ከበሩ ውሻ ጀመሩ። ወደ ወጡ ጨው ተሻገሩ። ከበሮ መቺውን ገመገሙ፣ አረማመዴን ነቀፉ፣ ያገኟቸው የማይመስለኝን አባቴን እንኳ አልማሩልኝም። የተጫነችው በቅሎ ተራገፈች። ሙሽሮቹ ተሸኙ፣ ዳሱ መፍረስ ጀመረ፣ እሳቸው ገና "ሌላው ደግሞ..." ይላሉ። በመጨረሻ ተነሥተው፣ እናኑን ስመው፣ ቤቷን መርቀው፣ እየሣቁ ሄዱ።

እናኑ በሥጋት ተጠግታኝ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ልጄን የሚያስነቅፍ ቂም ይዘው ይሆን?" አለችኝ።

"የለም እናኑ" አልኳት፣ ከተቀመጥኩበት መነሣት አቅቶኝ። "የሚይዙት አልተረፋቸውም። አንድ ሳያስቀሩ ለእኔ አስረክበውኝ ነው የሄዱ።"