የቅዳሜው አርክቴክት

የትም አገር ይሁን፣ አርክቴክቸር ተምረው አብረውን ከሚመረቁት መካከል አንድ ሰው አይጠፋም፤ እኛ ገና የቢሮው ማተሚያ ማሽን በየት በኩል ወረቀት እንደሚጎርስ ስንማር እሱ የመጀመሪያ ቤቱን መሠረት ያስቆፍራል። እንዲህ ያለውን ሰው ለረጅም ጊዜ አጥንቼዋለሁ። ያጠናሁት በቅናት ነው። ቅናት ደግሞ ጥሩ ተመራማሪ ነው፤ ምንም ነገር አያመልጠውም።

የእኛ ዓመት ሰው ክቡር አርክቴክት ባፉር አዱሴ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠው ራሱ ነው። ፈቃድ የሚያሰጠው ፈተና ገና ከፊታችን ነበር።

«ባፉር፣ አንተ እኮ ገና አርክቴክት አይደለህም» ስለው፣

«ሴርዋ እህቴ፣ ልጅ ስም የሚወጣለት ካደገ በኋላ ነው እንዴ?» ይለኛል።

ትምህርት ቤት ሳለን የባፉር ሞዴሎች መምህሩ ጠረጴዛ ሳይደርሱ ይፈርሱ ነበር። የእኔ ግን እስከ ዛሬ ለአዲስ ተማሪዎች ማሳያ ተብሎ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ይህን የማነሳው ለመኩራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራት ነው።

ተመራቂ ሁሉ የሚያገለግልበትን የብሔራዊ አገልግሎት ዓመታችንን ሁለታችንም ኩማሲ ከተማ ውስጥ አንድ ቢሮ ተመደብን። ለእኔ የደረሱኝ የአንድ ሆቴል መጸዳጃ ቤቶች ነበሩ። መጸዳጃ ቤት በጣም ደስ የሚል ጉዳይ ነው፤ የውሃው መውረጃ፣ የበሩ አከፋፈት፣ የሴራሚኩ አደራደር፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይያያዛል። የሚጠይቀኝ ባገኝ በደንብ ላስረዳ እችል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ባፉር ግን ሰኞ ሰኞ የሚገባው ቤት ማሠራት የሚፈልጉ ሰዎች ስልክ ቁጥር ይዞ ነው።

ምስጢሩ ቅዳሜ ላይ ነው። ቅዳሜ በኩማሲ የለቅሶ ቀን ነው። ባፉር ጥቁር ጨርቁን ትከሻው ላይ ይጥልና ድንኳን ወደ ተተከለበት ሰፈር ይሄዳል። ሟቹን አያውቀውም። የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ እየጨበጠ ያልፋል፣ ይቀመጣል፣ ከልቡ ያዝናል። ቀጥሎ የለቅሶ መዋጮ ወደሚሰበሰብበት ጠረጴዛ ሄዶ የአቅሙን ይሰጥና ስሙን ያስመዘግባል። ለፋፊውም በድምፅ ማጉያው፣ «ከአርክቴክት ባፉር አዱሴ! አርክቴክት ነው የምላችሁ! ከድንኳኑ በስተግራ ተቀምጧል!» እያለ ለመንደሩ ሁሉ ያሰማለታል። ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ የት ይገኛል?

«ለማታውቀው ሰው ማልቀስ አያሳፍርህም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሳልተዋወቀው መቅረቴ እኮ ነው የሚያስለቅሰኝ። ዋናው መገኘት ነው፣ ሴርዋ። ዋናው መገኘት ነው!»

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አለቃችን ሚስተር ኦፖንግ ጠራን። ቢሮው ቀጥሮ ማስቀረት የሚችለው ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ነው። ናና አፍራኮማ የሚባሉ በገበያው የተከበሩ የጨርቅ ነጋዴ ቤት ሊያሠሩ መጥተዋል። «ሁለታችሁም ንደፉላቸው፤ ንድፉን የመረጡለት ሰው እዚህ ይቀራል» አለን።

እንዲህ ያለ ንድፍ ነድፌ አላውቅም። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል አይደል? ስለዚህ ጣሪያውን ከፍ አድርጌ ጫፉ ላይ መውጫ ተውኩለት። ከታች ጠበብ ያለ ግቢ፣ መሐሉ ላይ ኩሬ፣ ዙሪያውን ዛፍ። ሙቀቱ ከላይ ሲያመልጥ ቅዝቃዜው ከታች እየተሳበ ይገባል፤ ቤቱ ይተነፍሳል! ስናገረው አሁንም ልቤ ይመታል። የባፉር ንድፍ የብስኩት ቆርቆሮ ይመስል ነበር። የበረንዳው ምሰሶዎች ደግሞ ያበጠ እግር።

ናና ሞዴሌን ዞረው ዞረው አዩት። «ቆንጆ ነው። ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉ።

ሥራውን አገኘሁ ብዬ ተነፈስኩ።

«ስሞትስ?» አሉ ቀጥለው።

«እ... ናና?»

«ስሞት ነዋ! ሳልሞት ልቀር ነው? አስከሬኔ አምሮ ተኝቶ ሕዝቡ የሚሰናበተኝ የቱ ጋ ነው? በዚህች በር የገባ በየት ይወጣል? ድንኳኑንስ ኩሬው ላይ ልትተክሉት ነው? የገበያው ሴት ሁሉ በለቅሶዬ ቀን ዋና ይማር?»

«ዕድሜዎን ያርዝመውና... አላሰብኩበትም» አልኩ። ሚስተር ኦፖንግ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ባፉር ብድግ አለ። «ናና፣ ያርቀውና፣ እርስዎ እዚህ ሳሎን ይተኛሉ። ሰዉ በዚህ በር ይገባል፤ ተሰናብቶዎት ፊት ለፊት ባለው በር ይወጣል። ግፊያ የለም። ግቢው ባዶ ስለሆነ ድንኳኑ እንደ ልብ ይተከላል። ምግቡ የሚሠራው በጓሮ ነው፤ ጭስ አይደርስብዎትም።»

«ጭስ እንኳ አይደርስብኝም!» አሉ ናና፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ይሄ ልጅ ለቅሶ ያውቃል!»

ለካ በእነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች የሚያለቅሰው ዓይኑ ቤት ሲለካ ኖሯል።

እሱ ቀረ፣ እኔ ወጣሁ። ሞዴሌን አቅፌ ሚኒባስ ልሳፈር ስል ረዳቱ፣ «እህቴ፣ የዶሮ ቤቱን ከኋላ ጫኚው!» አለኝ። ከዚያ በኋላ ወራት ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። በየቢሮው ደጅ ጠናሁ። ባፉር ይደውላል፤ አላነሳም።

በዚህ መሐል አጎቴ አረፉ። በለቅሶው ቅዳሜ ባፉር ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ጥቁር ጨርቁን ወገቡ ላይ ቋጥሮ፣ የከሰዓት ፀሐይ ሽማግሌዎቹን እንዳይመታ የድንኳኑን ምሰሶ ከድንኳን ተካዮቹ ጋር ያዛውራል። አቅጣጫውን በትክክል አግኝቶታል። ሐዘን ላይ ተቀምጬም ቀናሁ።

ወደ ጠረጴዛው ሲያመራ ጥርሴን ነከስኩ። አሁን በአጎቴ ለቅሶ ራሱን ሊሸጥ ነው!

«ከባፉር አዱሴ!» አለ ለፋፊው። ብቻውን፣ ያለ ማዕረግ። «የአርክቴክት ሴርዋ ጓደኛ! አርክቴክት ሴርዋ የሟቹ የእህት ልጅ ናት! ቤት የሚያስተነፍስ ጣሪያ ትሠራለች! ከፊት፣ እንደ ቅርብ ዘመድ ቀይ ለብሳ የተቀመጠችው እሷ ናት!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከለቀስተኞቹ መሐል ግን አንድ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ሐዘንሽ ላይ አይሁንብኝና» አሉ፣ «ጣሪያ የሚተነፍሰው እንዴት አድርጎ ነው?»

ጠየቁኝ! ከሙቅ አየር ጀምሬ አንድም ነገር ሳልዘል አስረዳኋቸው። የመጀመሪያ ቤቴ የእሳቸው ነው። ጣሪያው ይተነፍሳል። ሳሎኑ ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት በሮች አሉት።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?» አልኩት ባፉርን ኋላ።

«ምን አደረግሁ? ዋናው መገኘት ነው» አለና የፉፉ ጉርሻውን ዋጠ።

አሁንም እቀናበታለሁ። የበረንዳ ምሰሶዎቹም አሁንም እንዳበጡ ናቸው። የፊታችን ቅዳሜ ለቅሶ አለብኝ። ሟቹን አላውቃቸውም፤ ባፉር ግን ከድንኳኑ በስተግራ ወንበር ይይዝልኛል።