የጋሽ ወርቁ ዓሣ ጾም ያስገድፋል?

«ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው። ዓሣም ደም አለው፤» አሉ እማማ አስካለ።

«እትዬ አስካለ፣ የዓሣ ደም ቀዝቃዛ ነው። አይቆጠርም፤» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ መጥበሻው ላይ ዓሣውን እየገለበጡ።

ጊዮርጊስ ጀርባ ባለው ግቢያችን ፍልሰታ በገባ ቁጥር ይህ ክርክር ይነሳል። እናንተ ሰፈርም ሳይኖር አይቀርም። የሚገርመው፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብለን ስንጨቃጨቅ፣ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ አስተማሪ ስሜን ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው በሆዴ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ግን ነገሩ የእናቴ ነበር። ሐኪሙ ለደም ግፊትሽ ዓሣ ብዪ ብሏታል። ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ደግሞ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መንጠቆ ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ፤ ለእሷ ብለው ሦስት ዓሣ አጥምደው መጡ። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደያዘች፣ አንዴ እሳቸውን አንዴ እማማ አስካለን ታያለች።

«ጋሼ፣ ከየትኛው ወንዝ ነው?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ይኸው ከኛ ሥር የሚወርደው ነዋ። ከአቃቂ ወዲያ ሰፋ ይላል። ሰሞኑን ዓሣው እንዴት ሰብቷል መሰለሽ።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔ ያወጣሁት ሐሙስን ነው። ሐሙስ ከሰዓት ዶፍ ሲወርድ፣ እንደ ክረምት ልማዳችን፣ የግቢውን መጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ወንዙ ለቀቅነው። «ዝናቡ ሳያባራ ቶሎ በሉ» ያሉት እማማ አስካለ ናቸው። ክዳኑን በብረት የፈለቀቁት ጋሽ ወርቁ። ጃንጥላ የያዝኩላቸው እኔ።

«ሐሙስ የለቀቅነውስ?»

እናቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰችው፤ እጇንም የሌላ ሰው እጅ ይመስል ከራሷ አራቀችው።

«ወራጅ ውሃ ራሱን ያጥባል፤» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ቀስ ብለው። እሳቸውም ግን አልቀመሱም።

«እኔ መጀመሪያውኑ ያስገድፋል ብያለሁ፤» አሉ እማማ አስካለ፣ እንደ ረታ ሰው።

ይኼኔ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እማማ አስካለ ቀና አሉ።

«ወርቁ፣ ጉድጓዱ ግማሹ ቀርቷል እኮ።»

ጋሽ ወርቁ መጥበሻውን አወረዱ። ዓሣውን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ከግድግዳው ጥግ ብረቱን አንስተው ወደ ጓሮ ሄዱ።