ቆመው የሚያሸንፉት አበጋዝ

የምሥራች፤ ባሕሩ ታየ። የቱ ባሕር፣ ለማን ታየ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ደስታ ሲበዛ ወሬ ከጅራቱ ይጀምራል፤ ስለዚህ ወደ አናቱ ልመለስላችሁ።

ሁለት ሰው ተቀምጦ በሚጫወትበት ምድር ሁሉ፣ ቆሞ የሚያሸንፍ ሦስተኛ ሰው አይጠፋም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን አስግጎ ይቆማል። ተሸንፎ አያውቅም፤ ተጫውቶ ስለማያውቅ። ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር አበጋዝ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን የምትሠራው ልብስ ሰፊ ስትሆን፣ እሳቸው ግን በአዋጅ የተሾሙ ያህል ተቀብለውታል።

በምሳ ሰዓት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል እኔ አንድ ጥንታዊ ግዛት አስተዳድራለሁ። ተራ በተራ የሚኬድ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ አንድ እርምጃ እኔ፣ አንድ እርምጃ ማሽኑ። ከተማ ትቆረቁራለህ፣ ጎተራ ትሞላለህ፣ ሠረገላ ታሠራለህ፤ ከዚያ የጎረቤትህን አገር ትነጥቃለህ። ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አበጋዝ ከወንበሬ ጀርባ ይቆማሉ። «እኔ ብሆን ኖሮ…» ይላሉ። ያኔ ነው ግዛቴ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው።

«እኔ ብሆን ኖሮ ፈረሰኛውን በዚህ ሜዳ አስጋልበው ነበር።»

ሜዳ ያሉት ባሕር ነው። ፈረሰኛዬ ዳር ላይ ተገትሮ ሲቀር፣ «ፈረሶችህ ፈሪ ናቸው፤ ባለቤታቸውን መስለው» አሉ። ሌላ ቀን ደግሞ «ይሄ ለም መሬት ነው» ብለው በረዶ የለበሰ ተራራ አናት ላይ ከተማ አስቆረቆሩኝ። ሕዝቤ በረሃብ አለቀ። «ሰነፍ ሕዝብ ነው» አሉ። ለምን ትታዘዛለህ እንዳትሉኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ» ሲል የኖረ ድምፅ ሲያዝ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው እጅ እንኳ ባለቤቱን አይጠይቅም።

ልብስ ሰፊዋ በበሩ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ አውቶቡሱንም እንዲህ ነው የነዱት?»

«አንዲት ዶሮ ገጭቼ አላውቅም።»

«ዶሮዎቹ ናቸዋ ያወቁዎት።»

አንድ ቀን በዚያው ሰዓት መብራት ሄደ። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠቆረ። ልነሣ ስል ከጀርባዬ፣ «ጠላት ዛሬ ጸጥ ብሏል። ወጥመድ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ አልነቃነቅም» የሚል ድምፅ መጣ።

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ልብስ ሰፊና እኔ ተያየን። ሳቁ ከአፋችን ሳይወጣ ቀረ። ለካስ ሜዳውም፣ ለሙ መሬትም ሳይታዩ የተነገሩ ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጦሬ የታዘዘው በግምት ኖሯል።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው «የእኔ ዓይን የንስር ነው» ብለው ሦስት ቀን አኮረፉ። በአራተኛው ቀን መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይድንም ቢሉኝስ? የማያይ አማካሪ ምን ይሠራልሃል? ከዚያ ወዲያ የት ልቆም ነው?»

ለካ የፈሩት ጨለማውን አልነበረም፤ ከወንበሬ ጀርባ ያለችውን የአንድ እርምጃ ቦታ ማጣትን ነው።

«ጋሼ፣ የጠላትን ዋና ከተማ ከብቤያለሁ» አልኳቸው። «እርስዎ እስኪመለሱ አንድ ወታደር አላንቀሳቅስም።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ሄዱ፤ የዓይናቸው ሞራ በቀዶ ጥገና ተነሣ። ሃያ ሦስት ቀን ጦሬ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ጠበቃቸው።

ዛሬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ገቡ። ስክሪኑን አዩት፣ አዩት፣ አዩት።

«ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«ባሕር ነው፣ ጋሼ።»

«ፈረሰኛ ስደድበት ያልኩህ?»

«እሱው ነው።»

«አንተስ አፍ የለህም?»

«አበጋዝ ሲያዝ ወታደር አይከራከርም ብዬ ነው።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ብሆን ኖሮ…»

ከወንበሬ ተነሣሁ። «ይሁኗ እንግዲህ።»

ተቀመጡ። ማውሱን እንደ መሪ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ከዚያም ሃያ ሦስት ቀን የጠበቀውን ጦር ከግንቡ ሥር አስነሥተው፣ አንድም ሳያስቀሩ መርከብ ላይ ጫኑት። «ይህን ባሕር ሳላቋርጠው አልቀርም» አሉ። በሁለተኛው ተራ ማዕበል ተነሣ። በሦስተኛው ጠላት በሩን ከፍቶ እየሳቀ ወጣ። ለካ ጥፋቱ የዓይናቸው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ፣ ከወንበሩ ኋላ ቆሜ ነው። እጄ ሲያርፍ በራሱ ወደ ኋላ ይጣመራል። አላስቻለኝም፤ «እኔ ብሆን ኖሮ መርከቦቹን…» ስል ዞር እንኳ አላሉም።

«ሹፌር ማናገር ክልክል ነው።»

ግዛቴ እየሰጠመ ነው፤ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ገና አልሰማችም። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ሮጬ ልንገራት።