አንዴ ብቻ የሚደውሉ ሰዎች

የተኛ ሰው ችግር የለበትም። የነቃም እንደዚያው። እኔ የምፈራው መሃል ላይ ያለውን ነው። ከምሳ በኋላ፣ የአዳማ ፀሐይ የጣራውን ቆርቆሮ ሲያንቋቋው፣ ሶፋ ላይ ጋደም ያለ አባታችሁን እስቲ አንድ ነገር ጠይቁት። ዓይኑን እንደከደነ «እሺ» ይላችኋል። እናንተም እሺታውን ይዛችሁ ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ። ሲነሳ «መቼ ጠየቃችሁኝ?» ይላል፤ ደግሞም አይዋሽም። ጥያቄያችሁ የደረሰው ጆሮው ተዘግቶ ህልሙ ሊከፈት ሲል ነው፤ የሚመለከተው ክፍል ሰው አልነበረበትም።

ማሽንም እንዲሁ ነው ብል ታምኑኛላችሁ? እንጀራዬ ይሄው ነው፤ ለትንንሽ ዕቃዎች ድራይቨር እጽፋለሁ። ድራይቨር በዕቃውና በቺፑ መሃል ቆሞ የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። አንድ ቁልፍ ሲነካ ኢንተራፕት ይላካል፤ «የያዝከውን ጣልና እኔን ስማኝ» የሚል ጥሪ ነው። ቺፑ ባትሪ ለመቆጠብ ሲተኛ ደግሞ ድራይቨሩ ጥሪዎቹን ሁሉ ይዘጋና የሚቀሰቅሰውን አንዱን ብቻ ከፍቶለት ያስተኛዋል። ሁሉን ከዘጋ በኋላ፣ አንዱን ከመክፈቱ በፊት ግን አንዲት ቅጽበት አለች። በእሷ መሃል የመጣ ጥሪ ሳይሰማ ይጠፋል፤ ያኔ ግን ንቄያት ነበር። ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል እንኳ አትሞላም፤ በእሷ ውስጥ ደግሞ ማን ይደውላል?

ሽማግሌዎቼ ደወሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫልቱን ላገባ ፈልጌ እሞታለሁ። የአባቷ የኦቦ ለሜሳ ግቢ ሰፊ ስለሆነ በር ሲንኳኳ አይሰሙም፤ እኔም መወደድ አምሮኝ በገዛ እጄ የሠራሁትን የበር ደወል ተከልኩላቸው። ሰው ሲጠጋ ይነቃል፤ ቶሎ ካልተነካ ተመልሶ ይተኛል። ሞክሬዋለሁ፤ ጓደኞቼም ሞክረውታል። እኛ ታዲያ ስንደውል እንዴት ነው? ጢን ጢን ጢን ጢን ነው! አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይደርሳል፤ ማን ልብ ይላል።

በሽምግልናው ቀን አግቢው እዚያ አይታይምና ከመንገዱ ማዶ ጁስ ቤት ተደብቄ አቮካዶዬን እምጋለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎቼ በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን ደርበው ከባጃጅ ወረዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ የደወሉ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ። ኮራሁ። ከዚያ መገባበዙ ተጀመረ። ድምፃቸው አይሰማኝም፤ ከእጃቸው ግን ይነበባል፦ እርስዎ ይደውሉ፤ ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ እያሉ! እነሱ ሲገባበዙ ደወሉ እንቅልፉ መጣ። በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ታምራት በመጨረሻ ጣታቸውን በክብር ዘርግተው ሲነኩትና መብራቱ ድርግም ሲል እኩል ሆነ። አንዴ ነኩት። ከዚያ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ጨዋ ሰው ሁለቴ አይደውልማ!

ስልኬ ጮኸ። ጫልቱ ናት።

«የት ቀሩ? አባዬ ከረባቱን አስሮ ላብ በላብ ሆኗል። ናቁኝ እያለ ነው!»

«በር ላይ ናቸው እኮ! ውጪና ክፈቺላቸው!»

«እኔ? ለራሴ ሽማግሌ በር ልክፈት? አብደሃል?»

ጋሽ ታምራት ጋ ደወልኩ። ለአክብሮት ብለው ስልካቸውን አጥፍተዋል። ይባስ ብለው ሰዓታቸውን አዩና ፊታቸውን ወደ ባጃጁ አዞሩ። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ሳይከፈትለት ተመለሰ ማለት እኮ ጫልቱ ቀረች ማለት ነው!

ጁሴን ጥዬ ሮጥኩ። አንገቴን ቀብሬ በጋቢዎቹ መሃል ሾለክሁና ደወሉን ጢን ጢን ጢን ጢን አድርጌው ከአጥሩ ማዕዘን ኋላ ተወሸቅሁ።

ኦቦ ለሜሳ እየነደዱ መጡ። «ኤኙ ዳ! ማነው ይሄ ባለጌ?» በሩን በርግደው ሲከፍቱ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ጋሽ ታምራት የተደበቅሁበትን ጥግ በዓይናቸው ገረፍ አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ የደወልኩት» አሉ፣ ያ ሁሉ ሽበታቸው ሳይገዳቸው። «ልጅዎን ፈልገን ነው። ቸኩለናል።»

ኦቦ ለሜሳ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። ከዚያ ሳቁ፤ ከረባታቸው ወደ ጀርባቸው እስኪዞር ሳቁ። «ኮታ፣ ሴና! ግቡ፣ ግቡ! ለልጄ እንዲህ የሚቸኩል ሰውማ ከየት ይገኛል!» በወጉ «ተማክረን እናሳውቃችኋለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ነበር የሚባለው። ኦቦ ለሜሳ ግን ሰዎቹ ወንበር ሳይሞቃቸው እሺ አሉ። ጫልቱ በስልክ ስታበስረኝ ከአጥሩ ኋላ ብቻዬን ስጨፍር ያየኝ ባለባጃጅ እስካሁን ሲያገኘኝ በጥሩምባ ይሳለቅብኛል።

ድራይቨሩን በነጋታው አስተካከልኩት። አሁን ከመተኛቱ በፊት «የጠራኝ አለ?» ብሎ ዞር ብሎ ያያል፤ ካለ እንቅልፉን ይተወዋል። በስሱ አንዴ ብትነኩት ይጮኻል፤ ጨዋ ሰው ከእንግዲህ ደጅ አይቀርም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ምን ዋጋ አለው ታዲያ! ደወሉ ነቅቶ አማቴ አይነሱም። አንዴ ጢን ሲል ጫልቱ «አባዬ፣ ሰው መጥቷል» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ሶፋቸው ላይ እግራቸውን አነባብረው፣

«ተዪው» ይላሉ። «ከልቡ የፈለገን ከሆነ ይደግመዋል።»