የጋሼ ሽኩር ብረት

ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ሁሉ ቀላል የሚመስለው ሌላ ሰው ሲሠራው ነው። እኔ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ ቲታኒየም የሚባለውን ብረት በኤሌክትሪክ ቀለም ማስያዝ የተማርኩት ግን ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብዬ ነው። ያለ ብሩሽ፣ ያለ ቀለም ቆርቆሮ ሰማያዊ ቁጭ! ታዲያ ይህን ለሰፈሩ ሳላወራ እንዴት ልደር?

ወሬው በርበሬ በረንዳ ደረሰ። እዚያ ገበያ ዕድሜያቸውን ሙሉ የበርበሬ ጆንያ የተሸከሙት ጎረቤቴ ጋሼ ሽኩር፣ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። እግራቸው የተሰበረ ጊዜ ሐኪሞች አጥንታቸውን ያሰሩበት የቲታኒየም ብረት ነው። ሲድኑ አውጥተው ሰጥተዋቸው፣ እንደ ቅርስ አስቀምጠውታል። ቀለም አስይዘህ የቁልፍ መያዣ አድርግልኝ አሉኝ። እምቢ ይባላል?

የዚህ ሥራ መከራው ዝግጅቱ ነው። ብረቱ ቅባት የሚባል ነገር አይወድም፤ የጣት አሻራ እንኳ ካረፈበት ቀለሙ ይዥጎረጎራል። ስለዚህ በሳሙና ውሃ ልቀቅለው ድስት ጣድኩ። ባለቤቴ ዘውድነሽ ርቧት ከገበያ ገባች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ በጭልፋ አወጣችው። ምንድን ነው? አለችኝ። ሰው ለሚስቱ እውነቱን ሁሉ በአንዴ አይዘረግፍም፤ እኔ ዘረገፍኩት።

«ከሰው እግር የወጣ? በእኔ ድስት?»

ክዳኑ ከእጇ ወድቆ እስከ በሩ ተንከባለለ። በሳሙና እኮ ነው የቀቀልኩት ብዬ ተከራከርኩ፤ ጥፋቱ የቅመም ይመስል!

ቁጣው ሲበርድ ብረቱን በአልኮል ወለወልኩት፤ ጓንት አጥልቄ ንጹህ ፋሻ ላይ እንደ ሙሽራ አሳረፍኩት። የኤሌክትሪኩን ሽቦ ላስርበት ስል ጋሼ ሽኩር ከወንድማቸው ልጅ ሠርግ፣ ከክትፎው ላይ ተነስተው ከች አሉ። ብረቱ እንዲህ ሲያበራ አይተውት አያውቁም። አንስተው፣ በዚያ ቅቤ በጠገበ ከንፈራቸው ሳሙት!

«ኧረ ጋሼ! ምነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ላድርግ ልጄ? ስንቱን ስሸከም ኖሬ፣ እኔን የተሸከመኝ ይሄ ብቻ ነው» አሉ።

ዘውድነሽ ድስቷን አንስታ ራሷ ጣደችው። እኔም ለካ እስካሁን ምን ዓይነት ቀለም እንደሚፈልጉ አልጠየቅኋቸውም፤ ጠየቅኋቸው።

«ቀይ ነዋ! እንደ በርበሬ!»

ቲታኒየም ወርቃማ ይሆናል፣ ሐምራዊ ይሆናል፣ ከፈለጉም አረንጓዴ ይሆናል። እምቢ የሚለው ቀይ ብቻ ነው።